ዓርብ ብቻ የሚመጣ ሰው ስንት ይክፈል?

በያዝነው የትምህርት ዓመት ለኅብረታችን ከቀረቡት አቤቱታዎች መካከል የሚበዙት የመኖሪያ ፈቃድ ወይም የትምህርት ክፍያ ጉዳዮች ሳይሆኑ፣ አብረው በሚኖሩ አባሎቻችን መካከል በመብራት ሒሳብ የተነሡ ክርክሮች ናቸው። አንዳንድ ጓደኞቻችን ይህን ሲሰሙ ይሥቃሉ። «ኅብረቱ ደግሞ አምፖል መቁጠር ጀመረ ወይ?» ያሉንም አሉ። እኛ ግን ነገሩን እንዲህ በቀላሉ አናየውም። በወር አምስትና ስድስት ዲናር ለአንድ ተማሪ የምሳ ገንዘብ ነው፤ በሰው ቤት ተቀጥራ ለምትሠራ እኅታችን ደግሞ ለእናቷ ከምትልከው ላይ የሚቀነስ ነው። ከዚህም በላይ ሒሳቡን የምንካፈልበት ዘዴ በየስብሰባው ስለ እኩልነት የምንናገረውን በተግባር የሚፈትን ስለሆነ፣ በዚህ ዕትም ጥቂት ልንልበት ወደናል።

ጉዳዩ ይህ ነው። በረቢየህ አንድ ሕንፃ ውስጥ አምስት ተማሪዎች ከሁለት እኅቶች ጋር አንድ ቤት ተከራይተዋል። እኅቶቹ በአሠሪዎቻቸው ቤት የሚያድሩ የቤት ሠራተኞች በመሆናቸው ወደ ቤቱ የሚመጡት ዓርብ ዓርብ፣ በዕረፍት ቀናቸው ብቻ ነው። (እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የዮርዳኖስ የቤት ሠራተኞች ደንብ በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት ይሰጣቸዋል። ቀኑን በእርግጥ የሚያገኙት ስንቶቹ ናቸው የሚለው ራሱን የቻለ ጽሑፍ የሚጠይቅ ነው።) በቤቱ ውስጥ ያላቸው አንድ አንድ ፍራሽና አንድ አንድ ሻንጣ ነው። የጃንዩዌሪ ወር ሒሳብ በመጣ ጊዜ ለሰባት እኩል ተካፈለ። ከእኅቶቹ አንዷ፣ «በወር አራት ቀን እየመጣሁ ሠላሳውን ቀን እዚህ የሚያድር የሚከፍለውን ለምን እከፍላለሁ?» ስትል ጠየቀች። ከተማሪዎቹ አንዱ፣ «እኩልነት ማለት እኩል መክፈል ነው» ብሎ መለሰላት። ሌላው ደግሞ በተቃራኒው ጫፍ ቆሞ፣ ዓርብ ብቻ የሚመጣ ሰው እንግዳ ነውና ምንም አይጠየቅ አለ። ክርክሩ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ወደ እኛ መጣ።

በእኛ አስተያየት ሁለቱም ወንድሞች የተሳሳቱት ከአንድ ምክንያት የተነሣ ነው። ሒሳቡን እንደ አንድ ቁጥር ያዩታል። በየትም አገር ያለ የመብራት ሒሳብ ግን ቢያንስ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ወረቀት ላይ ያሰፈረ ነው።

አንደኛው ክፍል በተጠቀምነው መጠን የሚወጣና የሚወርድ ነው፤ ቆጣሪው የቆጠረው ኪሎዋት ሰዓት በዋጋው ይባዛል። ሁለተኛው ክፍል አምፖል ሳይበራ፣ ሰው ቤቱን ዘግቶ አገር ቤት ቢሄድም እንኳ የሚከፈለው ቋሚ ክፍያ ነው። ይህን ሁለተኛውን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ሁላችንም እድር ያለበት ቤት አድገናል። የእድር ወርኃዊ መዋጮ የሚከፈለው በዚያ ወር ሰው ስለሞተ አይደለም። ድንኳኑ፣ ብረት ድስቱ፣ አግዳሚ ወንበሩና የጡሩምባ ነፊው ደመወዝ ማንም ሳይሞት በከረመበት ወርም ወጪ አላቸው። በአንጻሩ የአውቶቡስ ቲኬት የሚከፈለው ሲሳፈሩ ብቻ ነው። የመብራት ሒሳብ እንግዲህ እድሩም ቲኬቱም በአንድ ደረሰኝ የተጻፉበት ነው። ምሰሶው፣ ሽቦው፣ ትራንስፎርመሩ፣ ቆጣሪው፣ ቆጣሪ አንባቢውና ሒሳብ የሚያትመው ቢሮ በእድሩ በኩል ናቸው። ነዳጁ በቲኬቱ በኩል ነው።

እስከዚህ ድረስ የሚከራከር ያለ አይመስለንም። ክርክሩ የሚነሣው የእድሩን ገንዘብ ማን ምን ያህል ይክፈል በሚለው ላይ ነው። በዚህ ረገድ የራሳችን አገር ታሪፍ ብዙ ያስተምራል።

ሕዝቡ ዛሬም «መብራት ኃይል» እያለ የሚጠራው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1956 የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ተብሎ ከተቋቋመ ወዲህ ስሙን ደጋግሞ ቀይሯል። በ1997 ኮርፖሬሽን ሆነ፤ በ2013 መጨረሻ ላይ ለሁለት ተከፍሎ ኃይል ማመንጨቱና ማስተላለፉ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ለደንበኛ ማከፋፈሉ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ተሰጠ። በስም ለውጡ ሁሉ መካከል በየወሩ ሒሳብ ላይ የቆየች አንዲት መስመር አለች፤ «የአገልግሎት ክፍያ» ትባላለች። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2018 ሥራ ላይ በዋለውና ለአራት ዓመት በየደረጃው በጨመረው ታሪፍ፣ በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም የድኅረ ክፍያ መኖሪያ ቤት የአገልግሎት ክፍያው 10 ብር፣ ከዚያ በላይ የሚጠቀም 42 ብር ነበር። በካርድ ለሚሞላው የቅድመ ክፍያ ቆጣሪ ከዚህ ያነሰ ነበር፤ የሚያነብ ሠራተኛና የሚታተም ሒሳብ አያስፈልገውምና። የፍጆታውም ዋጋ እንዲሁ በእርከን የተከፈለ ሲሆን፣ የመጀመሪያው 50 ኪሎዋት ሰዓት በ27 ሳንቲም ገደማ ሳይነካ ቆይቶ፣ ከ51 እስከ 100 ያለው በአራተኛው ዓመት 76 ሳንቲም ከግማሽ አልፎ፣ ከ101 እስከ 200 ያለው 1 ብር ከ62 ሳንቲም ተኩል ደርሷል። በመስከረም 2017 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ የአራት ዓመት ጭማሪ ተጀምሯል።

የታሪፉ አሳብ በጎ ነበር፤ ትንሽ የሚጠቀም ድኻ ነውና ይቅለለው የሚል ነው። ነገር ግን ቆጣሪ ሰው አይቆጥርም። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ግቢ፣ በአንድ ቆጣሪ ሥር ስንት ተከራይ እንደሚኖር የማያውቅ አንባቢ የለንም። ሦስት ቤተሰብ እያንዳንዳቸው 40 ኪሎዋት ሰዓት ተጠቀሙ እንበል። የየራሳቸው ቆጣሪ ቢኖራቸው ሁሉም በመጀመሪያው እርከን ውስጥ ስለሚያርፉ የሦስቱ ፍጆታ ተደምሮ 33 ብር እንኳ አይሞላም ነበር። በአንድ ቆጣሪ ሲሆኑ ግን 120 ይሆናሉ። ለተጠቃሚው በሚያደላው አቆጣጠር፣ እያንዳንዱ እርከን በየራሱ ዋጋ ተቆጥሮ እንኳ፣ በዚያ ታሪፍ አራተኛ ዓመት 84 ብር ከ50 ይመጣል፤ የአገልግሎት ክፍያውም በ42ቱ ይታሰባል። ለድኻ የተዘረጋው እጅ ድኻው ጋ ሳይደርስ ቀረ ማለት ነው። ይህን የምንጠቅሰው የአገር ቤቱን ታሪፍ ለመንቀፍ ብቻ ሳይሆን፣ የረቢየሁም ቤት በአንድ ቆጣሪ ሥር ያለ ግቢ ስለሆነ ነው።

አንዳንድ የምህንድስና ተማሪዎቻችን፣ ቋሚ ወጪ በቋሚ ክፍያ፣ ተለዋዋጭ ወጪ በተለዋዋጭ ክፍያ መሰብሰብ አለበት፤ ይህ የቴክኒክ እንጂ የፍርድ ጉዳይ አይደለም ይሉናል። እስቲ አሳባቸውን እስከ መጨረሻው እንከተለው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የሕዳሴ ግድብ ነዳጅ አያቃጥልም። ዓባይ ለሚፈስበት ውኃ ደረሰኝ አይልክም። ወጪው በሙሉ ማለት ይቻላል ኮንክሪቱ፣ ተርባይኑና መሥመሩ፣ ማለትም ቋሚ ወጪ ነው። እንግዲህ በወንድሞቻችን ሕግ ከሄድን፣ ኤሌክትሪኳ ከሞላ ጎደል ከውኃ በምትመነጭ አገር ውስጥ ሒሳቡ ሁሉ ቋሚ ክፍያ ሊሆን ነው፤ አንድ አምፖል ያላት የገጠር ባልቴትና ቦሌ ላይ አራት ማቀዝቀዣ የሚያስነሣ ባለ ቪላ በወር እኩል ሊከፍሉ ነው። ይህን የሚደግፍ ሰው እስካሁን አላገኘንም። ስለዚህ ቋሚ ወጪ መኖሩ የምህንድስና ጉዳይ ቢሆንም፣ ለማን እንደሚከፋፈል የሚወስነው መሐንዲሱ ሳይሆን ፍርድ ነው።

አሁን ወደምንኖርበት አገር እንመለስ። ዮርዳኖስ ከእኛ በተቃራኒ ነዳጅ ገዝታ የምታቃጥል አገር ናት፤ ምንም እንኳ የፀሐይና የነፋስ ኃይል እየጨመረ ቢመጣም። እ.ኤ.አ. በ2011 በሲና በረሃ የሚያልፈው የግብፅ ጋዝ ቧንቧ በተደጋጋሚ በፈንጂ ሲመታ፣ ጣቢያዎቹ ወደ ውዱ ናፍጣና ከባድ ነዳጅ ዞሩ፤ ብሔራዊው የኤሌክትሪክ ኃይል ኩባንያም ከገዛበት በታች እየሸጠ ዕዳው በዓመታት ውስጥ ከ5 ቢሊዮን ዲናር በላይ ደረሰ። ዛሬ በረቢየህ ቤታችን የሚመጣውን ወረቀት የሚያከብደው ይህ ታሪክ ጭምር ነው። ለረጅም ዓመታት በዚህ አገር ሒሳብ ላይ ከፍጆታው ጎን ትናንሽ መስመሮች ተደርድረው ይታዩ ነበር፤ 200 ፊልስ የቆጣሪ ኪራይ፣ በወር 1 ዲናር ለቴሌቪዥን፣ በየኪሎዋት ሰዓቱ 1 ፊልስ ለገጠር መብራት ማስፋፊያ የሚውለው «የገጠር ፊልስ»፣ ደግሞም የማዘጋጃ ቤቱ የቆሻሻ ማንሻ። (አዲስ አበባ ቆሻሻ ማንሻውን በውኃ ሒሳብ ላይ ስትለጥፍ አማን በመብራት ሒሳብ ላይ መለጠፏ ያስገርማል። የትም ብትሄዱ ቆሻሻ ብቻውን መጥቶ ገንዘብ አይጠይቅም።) ከእነዚህ መካከል የገጠር ፊልስን የሚመስል ክፍያ እኛ አንጠላውም፤ ሽቦው የደረሰለት ላልደረሰለት ያዋጣል።

ነገር ግን በአማን ትልቁ ልዩነት ያለው በነዚህ ትናንሽ መስመሮች ላይ ሳይሆን ሒሳቡ በየትኛው መደብ መመዝገቡ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ከአፕሪል 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ታሪፍ መኖሪያ ቤቶች ለሁለት ተከፈሉ። በመሠረቱ ለዮርዳኖሳውያን ቤተሰቦች የተመደበው የድጎማ ታሪፍ ለመጀመሪያው 300 ኪሎዋት ሰዓት 50 ፊልስ፣ ከ301 እስከ 600 ላለው 100 ፊልስ፣ ከዚያ በላይ 200 ፊልስ ነው። ድጎማ የሌለው ደግሞ ከመጀመሪያዋ ኪሎዋት ሰዓት አንሥቶ እስከ 1,000 ድረስ 120 ፊልስ፣ ከዚያ በላይ 150 ፊልስ ነው። ለተደጎሙት እንዲያውም ቋሚ ክፍያ ተገልብጦ ቋሚ ቅናሽ ተሰጥቷቸዋል፤ ከ51 እስከ 200 ለሚጠቀም በወር 2 ዲናር ተኩል፣ ከ201 እስከ 600 ለሚጠቀም 2 ዲናር ከሒሳቡ ይቀነሳል። በወር 400 ኪሎዋት ሰዓት የተጠቀመ የተደጎመ ቤት ለፍጆታ 23 ዲናር ሲከፍል፣ ያልተደጎመው ጎረቤቱ ለዚያው 400 የሚከፍለው 48 ዲናር ነው። የውጭ አገር ዜጎች በመሆናችን ድጎማው ለእኛ የተመደበ አይደለም፤ አገሬው ለድኾቹ ያደረገውን እኛ የምንሻማበት ምክንያት የለም። የምንቃወመው ሌላ ነገር ነው።

ይኸውም፣ አባሎቻችን ከሚኖሩበት አንድ ቤት፣ ቆጣሪው በባለቤቱ ስም በድጎማው መደብ ተመዝግቦ ሳለ፣ ተከራዮቹ ግን በየወሩ በቃል «የውጭ ሰው ዋጋ ነው» እየተባሉ በ120 ፊልስ ሒሳብ ይከፍሉ ነበር። ወረቀቱን ለማየት የጠየቀ ሰው እስኪገኝ ስምንት ወር አለፈ። የተገኘው ወረቀት 23፣ የተከፈለው 48 ነበር። ባለቤቱ ከመንግሥቱም ከተከራዩም ወስዷል። እንዲህ ያለውን ለማስቀረት ውል ከመፈረም በፊት የቆጣሪውን ቁጥር ማየት፣ ሒሳቡ በማን ስምና በየትኛው መደብ እንደተመዘገበ መጠየቅ፣ ካለፉት ወራት ቢያንስ ሁለት ወረቀት ማንበብ ያስፈልጋል። ወረቀቱ በዐረብኛ ነው ብሎ መተው አያዋጣም፤ ዐረብኛ የሚያነብ አባል በየሕንፃው አለ፤ ካልተገኘም ኅብረቱ ያቀርባል።

ከመብራት ኩባንያው ወረቀት ውጭ ያለ ቋሚ ክፍያም አለ፤ በረቢየህ እንዲያውም የሚከብደው እርሱ ነው። ሕንፃዎቹ ለደረጃ መብራት፣ ለአሳንሰርና ለውኃ መሳቢያ የሚሆን የጋራ ቆጣሪ አላቸው። አማን ውኃ በሳምንት አንድ ጊዜ በወረፋ የሚለቀቅባት ከተማ ስለሆነች፣ ውኃው በመጣበት ቀን ፓምፑ እያጓራ ወደ ጣሪያው ታንከር ካልገፋው ሳምንቱን ሙሉ ፊት መታጠብ የለም። ለዚህ የጋራ ቆጣሪ የሕንፃው ጠባቂ በየወሩ በር እያንኳኳ መዋጮ ይሰበስባል። ቤት ሙሉ ሰው ይኑርበት ባዶ ይሁን መዋጮው አይለወጥም። ይህ በትክክል እድር ነው።

ከእንግሊዝ አገር ይህን መጽሔት የምታነቡ አባሎቻችን ደግሞ ቋሚ ክፍያን ከሁላችንም በላይ ታውቁታላችሁ፤ በዚያ በወር ሳይሆን በቀን ነውና የሚቆጠረው። እ.ኤ.አ. በ2021 ለመኖሪያ ቤት ኤሌክትሪክ በቀን 25 ፔንስ ገደማ የነበረው በ2024 ወደ 60 ፔንስ ተጠግቷል፤ ይህም በዓመት አንድ አምፖል ሳይበራ 219 ፓውንድ ማለት ነው። ከምክንያቶቹ አንዱ በ2021ና በተከታዩ ዓመት በርካታ አቅራቢ ኩባንያዎች ሲከስሩ ደንበኞቻቸውን ወደ ሌላ ለማዛወር የወጣው ወጪ በዚሁ ቋሚ ክፍያ ላይ መጫኑ ነው። የነጋዴ ኪሳራ በነፍስ ወከፍ ተካፈለ ማለት ነው፤ በግዙፉ ቤት የሚኖረውና በአንዲት ክፍል የሚኖረው ተማሪ እኩል አዋጡለት። በካርድ የሚሞላ ቆጣሪ ያላችሁ በተለይ ተጠንቀቁ። ለበጋው ዕረፍት ሦስት ወር ቤቱን ዘግታችሁ ብትሄዱ ክፍያው በየቀኑ ይከማቻል፤ ተመልሳችሁ የምትሞሉት የመጀመሪያው ገንዘብ ያንን ዕዳ ይበላል።

ስለ ንግድ ሒሳብም ጥቂት መናገር ይገባናል፤ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ፣ ትንሽ ምግብ ቤት ለመክፈት የሚያስቡ ወገኖቻችን በየከተማው አሉና። የንግድ ሒሳብ ከመኖሪያው የሚለየው በዋጋው ብቻ አይደለም። ትልልቅ ድርጅቶች ከተጠቀሙት ኪሎዋት ሰዓት ሌላ፣ በወሩ ውስጥ በአንድ ጊዜ ለሳቡት ከፍተኛ ጭነት በኪሎዋት ይከፍላሉ። በኢትዮጵያም የ2018ቱ ታሪፍ ይህን ክፍያ ለኢንዱስትሪ ደንበኞች አስገብቷል። አሳቡ በምጣድ በደንብ ይገለጻል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ተኩል ኪሎዋት ገደማ ይስባል። አንድ ምጣድ አሥር ሰዓት ቢጋገርበትና አሥር ምጣድ በአንድ ጊዜ ለአንድ ሰዓት ቢጋገርበት ቆጣሪው የሚቆጥረው እኩል 35 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ሽቦው ግን እኩል አይደለም፤ ለሁለተኛው አሥር እጥፍ የሚሸከም መሥመር ያስፈልጋል። እንግዲህ ጭነት የሚከፈልበት ሒሳብ ያለው ምግብ ቤት ምጣዶቹን በተራ ቢያስነሣ ከጋገረው እንጀራ ሳይቀንስ ከሒሳቡ ይቀንሳል ማለት ነው። በእንግሊዝ አገር ያሉ ትናንሽ ነጋዴዎች ደግሞ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። በንግድ ሒሳብ ላይ የሚጣለው የተጨማሪ እሴት ታክስ 20 በመቶ ሲሆን፣ የቀን ፍጆታቸው በአማካይ ከ33 ኪሎዋት ሰዓት የማይበልጥ በመኖሪያ ቤቱ 5 በመቶ የመከፈል መብት አላቸው፤ አለመጠየቅ ግን ብዙዎችን ያስከፍላል።

ምጣድ ካነሣን የረቢየህ ክርክር ውስጥ ከፍተኛ ሙግት ያስነሣውም ምጣድ ነው። እኅቶቹ ዓርብ ሲመጡ የሳምንቱን እንጀራ ይጋግራሉ፤ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል። «በአንድ ቀን ብትመጣም በዚያች ቀን ከሁላችንም በላይ መብራት የምትፈጅ እርሷ ናት» ተብሎ ተነገረ። እናስላው። 3 ተኩል በሁለት ሰዓት 7 ኪሎዋት ሰዓት፣ በ120 ፊልስ 840 ፊልስ። በወር አራት ጊዜ 3 ዲናር ከ360 ፊልስ። እንጀራውንስ ማን በላው? ሰባቱም በሉት፤ አምስቱ ተማሪዎች ግን ከዓርብ እስከ ዓርብ በሉት። ስለዚህ የምጣዱ መብራት በጋጋሪዋ ስም ሊጻፍ ከቶ አይገባም። የጉልበቷ ዋጋ በየትኛው መስመር ላይ ተጽፏል ብለን ብንጠይቅ መልሱ የከፋ ይሆናል። በሌላ በኩል ተማሪዎቹ በጃንዩዌሪ ብርድ እስከ እኩለ ሌሊት እያጠኑ የሚያነዱት ማሞቂያ አለ። ባለ 2 ኪሎዋት ማሞቂያ በቀን አምስት ሰዓት ቢነድ 10 ኪሎዋት ሰዓት፣ በወር 36 ዲናር ነው። የአማን የድንጋይ ቤት በክረምት ምን ያህል እንደሚቀዘቅዝ የሚያውቅ አይፈርድባቸውም፤ ሆኖም እሳቱን የሞቁት እነርሱ ናቸው።

ስለዚህ የእኛ አቋም የሚከተለው ነው። ወረቀቱ በመጣ ቁጥር በመጀመሪያ ለሁለት ይከፈል። ቋሚው ክፍል፣ ማለትም በወረቀቱ ላይ ያሉት የማይለወጡ መስመሮችና የሕንፃው መዋጮ፣ በፍራሽ ይካፈል። ፍራሽ ያለው ሁሉ፣ ዓርብ ብቻ ቢመጣም፣ ሰባተኛውን ይክፈል፤ በሩ፣ ውኃውና ሽቦው ለእርሷም ይጠብቃታልና። ምንም አትክፈል ያለውን ወንድማችንን የምንቃወመው በዚህ ነው። ደግነቱን ብናከብርም፣ የማይከፍል ሰው ቤቱ ውስጥ ድምፅ የለውም፤ እኅታችን እንግዳ ሳትሆን ባለቤት ናት። ተለዋዋጩ ክፍል ደግሞ በቀን ይካፈል።

በቁጥር ሲታይ እንዲህ ነው። ቋሚው 12 ዲናር፣ ፍጆታው 48፣ በጠቅላላው 60 ዲናር ይሁን። በአሁኑ አካፋፈል እያንዳንዱ 8 ዲናር ከ570 ፊልስ ይከፍላል። በእኛ አካፋፈል ቋሚው ለሰባት ሲካፈል ለአንድ ሰው 1 ዲናር ከ710 ገደማ ይመጣል። ፍጆታው፣ አምስቱ ተማሪዎች ሠላሳ ሠላሳ ቀን፣ ሁለቱ እኅቶች አራት አራት ቀን፣ በድምሩ 158 ቀን ሆኖ፣ ለአንድ ቀን 304 ፊልስ ገደማ ይሆናል። ተማሪው በጠቅላላው 10 ዲናር ከ830፣ እኅታችን 2 ዲናር ከ930 ገደማ ይከፍላሉ። እንግዲህ እስካሁን እያንዳንዷ እኅት በየወሩ 5 ዲናር ከ640 ፊልስ ለተማሪዎች ማሞቂያ ስትደጉም ኖራለች ማለት ነው። ይህን «እኩልነት» ብለን ስንጠራው መቆየታችን ሊያሳስበን ይገባል።

በቀን መቁጠር ጠብ ያመጣል የሚሉ አሉ። ማን መቼ እንደመጣ በደብተር መጻፍ እንደ ፖሊስ ያደርገናል ይላሉ። ለዚህ መልሳችን አጭር ነው። ሲቆጠር የሚጣላው አብዛኛውን ጊዜ ሳይቆጠር ይጠቀም የነበረው ነው። ደብተሩ ደግሞ በየቀኑ መሞላት የለበትም፤ የወሩን መጨረሻ ቅዳሜ አምስት ደቂቃ መቀመጥ ይበቃል። ከሒሳቡ የዕለት ድርሻ ሦስት መቶ ፊልስ ስለሆነ አንድ ቀን ቢሳሳት ማንም አይጎዳም። ይልቅስ ያስቸግራል ብለን የምንገምተው ያለፈው ገንዘብ ነው። የስምንት ወር ትርፍ ክፍያ ለሁለቱ እኅቶች ይመለስ ወይስ ከዚህ በኋላ ብቻ ይስተካከል በሚለው ላይ በኮሚቴው ውስጥ ስምምነት የለም። አብዛኞቻችን ማሞቂያ የነደደባቸው ወራት ቢያንስ፣ ከዲሴምበር እስከ ማርች ያሉት፣ ይመለሱ እንላለን፤ ተማሪዎቹ በአንድ ጊዜ ካልቻሉ እኅቶቹ ከሚቀጥሉት ወራት ቋሚ ድርሻ ነጻ እየሆኑ ይካካስ። የተቃወሙት አባሎች የተማሪዎቹን አቅም ያነሣሉ፤ ይህም የሚሰማ ነገር ነው።

ጉዳዩ በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ለድምፅ ይቀርባል፤ ከጸደቀም በኅብረቱ አማካይነት በተከራዩ ቤቶች ሁሉ ላይ ይሠራል። ስብሰባዎቻችን እስካሁን እሑድ ማታ ሲደረጉ ቆይተዋል። በዚህ አገር የሥራ ቀን የሆነው እሑድ ለተማሪ ይመቻል፤ በአሠሪ ቤት ለምታድር እኅት ግን የማይቻል ነው። ስለዚህ ይህ ስብሰባ ዓርብ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት እንዲሆን ኮሚቴው ወስኗል። እያንዳንዱ ቤት ያለፉትን ሦስት ወራት የመብራት ወረቀትና የሕንፃውን መዋጮ ደረሰኝ ይዞ ይምጣ። እንጀራውን በዚያ ዕለት ተማሪዎቹ ይጋግራሉ።